ለነገሪ የተቀባው አገር

ዘውድነሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አትወድም ነበር። ነገሩ ያስቃል፤ ባሏ ገሠሠ ፎቶ አንሺ ነው፣ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አላቸው፣ እንጀራቸውም የሚወጣው ከዚያው ከጥቁርና ነጩ ነው። እሷ ግን «ይኼ የለቅሶ ቤት መልክ ነው፤ ሰው ሳይሞት ለምን እናጠቁረዋለን?» ትላለች። በዚያ ዘመን ባለቀለም ፊልም እንደ ልብ አይገኝም። ቢገኝም ለማሳጠብ አዲስ አበባ ይላካል፣ መቼ እንደሚመለስ ደግሞ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። ስለዚህ ቀለም ያማረው ሰው ወደ ዘውድነሽ ይመጣል። እሷ የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ትጠመጥምና፣ ከትንንሽ ቱቦዎች የተጨመቀውን የዘይት ቀለም እየነካች፣ ታትሞ ያለቀውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእጇ ትቀባዋለች።

ሰው ስትቀባ ቁጥብ ናት። ከንፈር ላይ ትንሽ ቀይ፣ የነጠላ ጥለት ላይ ትንሽ አረንጓዴ፣ አበቃ። አገር ስትቀባ ግን ልክ የላትም። ሜዳና ተራራ፣ ወንዝና ሐይቅ ያለበት ፎቶ እጇ ከገባ ምሳም አይታወሳት። አንድ ጊዜ ገሠሠ ላንጋኖን አንስቶ መጣ። በዚያ ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው የላንጋኖ ውሃ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ዘውድነሽ ደግሞ ከሞጆ ወዲያ ረግጣ አታውቅም፤ ድምቅ ባለ ሰማያዊ ቀባችውና መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። የሻሸመኔ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ አየና፣

«እሜቴ፣ ይኼ የት ያለ ባሕር ነው?» አላት።

«ላንጋኖ ነዋ!»

«እኔ ሁልጊዜ በዳሩ ነው የማልፈው። ውሃው ቡናማ ነው'ኮ።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የውሃው ነው» አለችው። ፎቶውንም አላወረደችውም።

ገሠሠ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ቤቴ አስገብቼ ተቀምጫለሁ» እያለ ያበሽቃታል። እሱ የጥቁርና ነጭ ወዳጅ ነው። «ግራጫ ሣር አረንጓዴም ነው፣ ደረቅም ነው፤ የሚያየው ሰው የራሱን ያስገባበታል። አንቺ ከቀባሽው በኋላ ግን ያንቺ ብቻ ሆኖ ይቀራል» ይላታል። እሷም አፏ አያርፍም። «የራሱን የሚያስገባበትማ መስታወት አለለት» ትለዋለች። ልጅ አልወለዱም፤ በልጅ ፈንታ የሚጣሉትም የሚታረቁትም በዚህ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ከአርሲ ደራ የመጡ አንዲት ሴት ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ጫማቸውን አራገፉ። ወይዘሮ አረጋሽ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳን ቢያልፍ ነው፤ ፊታቸው ግን ከዚያ በላይ ኖሯል። የሰሜኑ ድርቅ ያኔ አገሩን ሁሉ ሲያነጋግር፣ የስምጥ ሸለቆውም ቆላ ዝናብ ከራቀው ከርሞ ነበር። ደራ ዙሪያ ያለው ሰው ግን ጮክ ብሎ አያወራውም።

«አካም ጅርቱ፣ ደህና ናችሁ ወይ ልጆቼ?» አሉና፣ የቀረበላቸውን ወንበር ይዘው ጉዳያቸውን ተናገሩ። ነገሪ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። በብሔራዊ ውትድርናው የመጀመሪያ ዙር ተወስዶ አሁን ሰሜን ግንባር ነው። እሳቸው ጽሕፈት ለሚያውቅ ጎረቤት እየነገሩ «ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ከብቱ ጠግቧል» ሲያስጽፉለት ኖረዋል። ለልጁ ግን ከአሰላ የመጣ ወታደር ሌላ ነገር ነግሮት ኖሯል። «ደጃችንን ፎቶ አስነሺና ላኪልኝ፤ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብሎ ጻፈ።

«ታዲያ እውነቱ ምንድን ነው?» አለ ገሠሠ።

«እውነቱማ አልቀናል። ከላሞቹ የቀሩት ቆመው የሚሄዱ አጥንቶች ናቸው። ልጄን አውቀዋለሁ፤ ከብት ተርቦ እያወቀ፣ እናቱ ተርባ እያወቀ አያስችለውም። ጠመንጃውን ጥሎ ይመጣል። ጥሎ የመጣውን ምን እንደሚያደርጉት ደግሞ እናንተም ሰምታችኋል።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «እንዳይመጣብኝ አድርጉልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ዘውድነሽ ባሏን ሳታማክር «እሺ» አለቻቸው። ገሠሠ ቅር እያለው ካሜራውን ከነሦስት እግሩ ተሸክሞ በነጋታው የደራን አውቶቡስ ተሳፈረ። እዚያም ሲደርስ የሚችለውን ብልሃት ሠራ። የቀሩትን ከብቶች ከቤቱ ጀርባ አስነዳ፤ ከጥላ የቀጠነ አንድ ጥጃ ወደፊት እየመጣ ሲያስቸግረው ራሱ በድንጋይ አባረረው። ወይዘሮ አረጋሽን ደጃቸው ላይ ራቅ አድርጎ አቆማቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ ጉንጫቸው መጉደሉ አይታወቅም። ቤቱን፣ ማሳውን፣ በስተግራ ያለውን ትልቅ ግራርና ከበስተኋላ ያለውን ኮረብታ በአንድ ላይ አነሳ።

ፎቶው ታትሞ ሲደርቅ ባልና ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ።

«እንዲሁ ይሂድ» አለ ገሠሠ። «ተመልከቺ፣ በጥቁርና ነጭ ድርቁ የት አለ? ይኼ ማሳ ታጭዶ ያለቀ ነው ቢባል ማን ይከራከራል? ልጁ ያለምልመው፤ የገዛ አገሩ ነው።»

«ተጠራጥሮ'ኮ ነው ፎቶ ላኪልኝ ያለው! ለተጠራጠረ ሰው ግራጫ ትልክለታለህ? ጥርጣሬውን ነው የሚያስገባበት።»

«ቀለም ያየ ሰው ደግሞ ቀለሙን ይመረምራል።»

«አንተ እናትየዋን አላየሃቸውም መሰለኝ» አለች ዘውድነሽ፣ እንባዋም መጣ። እንባ ሲመጣ ገሠሠ ክርክር አይችልም። ቱቦዎቹን ራሱ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣትና ወደ ጨለማ ክፍሉ ገባ።

ዘውድነሽ በዕድሜዋ እንደዚያ ተጠንቅቃ ቀብታ አታውቅም። ማሳውን አዲስ የበቀለ ጤፍ አስመሰለችው። ኮረብታውን ከግርጌው አረንጓዴ፣ ከአናቱ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አደረገችው። የወይዘሮ አረጋሽን ቀሚስ ጥለት እንኳ አልረሳችም። ግራሩ ጋ ስትደርስ ከሥሩ የተከመረ ጥቁር ነገር አየችና ባሏን ጠራችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ገሠሠ ከበሩ አንገቱን ብቻ አውጥቶ አየ። «እንጃ፣ ቁጥቋጦ ይሆናል። እኔ ያን ጥጃ ሳባርር ነበር።»

ዘውድነሽ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ አባቷ ከመንዝ መጥተው ሐዲድ ዳር አሳደጓት። ከብት የምታውቀው በሥጋ ቤት በኩል ነው። ቁጥቋጦ ከተባለ ቁጥቋጦ ነው ብላ፣ ያንን ክምር ከፎቶው ሁሉ በሚያምረው፣ እርጥብ በሚመስለው አረንጓዴ ቀባችው። ግራሩንም እንዲሁ። ስትጨርስ ወደኋላ ብላ አየችውና ራሷ ደነገጠች፤ እዚያ አገር ሄዳ መኖር አማራት።

ወይዘሮ አረጋሽ ሊወስዱት ሲመጡ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ ወጡ። ብዙ አዩት። ሌባ ጣታቸውን ግራሩ ሥር አሳረፉና እዚያው አቆዩት።

«ይኼን አንቺ ነሽ የቀባሽው?»

«አዎ እናቴ። አልወደዱትም?»

«ኧረ ያምራል» አሉ። እንደገና አዩት። «በጣም ነው የሚያምረው። ገላቶሚ፣ ልጄ፤ እግዜር ይስጥሽ።» ዘውድነሽን ጉንጯን ስመው፣ ፎቶውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ወደ ፖስታ ቤት ሄዱ።

ክረምቱ ሲገባ ዝናብ ጣለ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ጣለ። ወይዘሮ አረጋሽ በመስከረም አንድ እቅፍ የበቆሎ እሸት ይዘው መጡ፤ ከእሸቱ በላይ ግን የልጃቸውን መልስ ነበር ያመጡት። ገሠሠ አነበበው። ነገሪ ፎቶው እንደደረሰው፣ አገሩ ለምልሞ በማየቱ ደስ እንዳለው፣ እሱም ደህና እንደሆነና እንዳያስቡ ነበር የጻፈው። ዘውድነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ባሏን አየችው። ገሠሠም «አፌን ይዣለሁ» አለ። ያን ቀን ከእሷ የኮራ ሰው ናዝሬት ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖርም የባቡር ጣቢያው አለቃ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ፈጠነ። በዓመቱ መንደር ምሥረታው አርሲን አዳረሰና፣ የወይዘሮ አረጋሽ ቤት ፈርሶ፣ እንጨቱና ሣሩ ተጭኖ፣ ሌላ ሜዳ ላይ ከሌሎች ቤቶች ጋር በመስመር ተተከለ። ግራሩ እዚያው ቀረ። ናዝሬት ገበያ ሲመጡ ፎቶ ቤቱ ጎራ ማለት ለምደው ነበር፤ ከዘውድነሽ ጋር እናትና ልጅ ሆነዋል። የነገሪ ደብዳቤ ግን እየራቀ ሄደ፣ በኋላም ጭራሽ ጠፋ። «መንገድ ተዘግቶ ይሆናል» ይላሉ እሳቸው። «መንገድ ነው» ትላለች ዘውድነሽ። ሁለቱም ስለሌላ ነገር ማውራት ይጀምራሉ።

በ1979 ሚያዝያ ውስጥ በክራንች የሚሄድ አንድ ጎልማሳ ፎቶ ቤቱን ጠየቀና ገባ። ሰንበታ እባላለሁ አለ፤ የዝዋይ ልጅ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዘውድነሽ ላስቲኩ ሳይፈታ አረንጓዴውን አወቀችው።

«ጀርባው ላይ የናንተ ማኅተም አለ» አለ ሰንበታ። «ደራ ወርጄ ነበር። ሰፈሩ ፈርሷል፤ የት እንደሄዱ የሚነግረኝ አጣሁ። እናንተ ታውቋቸው ይሆናል ብዬ ነው።»

የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ገሠሠ ወንበር አቀረበለት። ዘውድነሽ ግን መጠየቅ ነበረባት፤ አንድ ነገር ብቻ።

«ፎቶውን ሲያየው ምን አለ?»

ሰንበታ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ምሽጋችን ውስጥ ፎቶው እጅ በእጅ ዞረ። የጎጃም ልጆች ሳይቀሩ ‹ይኼን አገር ትተህ ነው እዚህ የመጣኸው?› አሉት። እሱም ሳቀላቸው። ማታውን እኔን ብቻ ጠራኝና ‹አንተ የቆላ ልጅ ነህ፤ እስቲ እየው› አለኝ። ሳየው ገባኝ።» ጣቱን ግራሩ ሥር አደረገ። «ይኼ'ኮ ቁጥቋጦ አይደለም። ቅርንጫፍ ነው። ሣር ሲያልቅ፣ ገለባ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ነገር ግራር ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉን እየቆረጡ ለከብት መጣል ነው። ቆላ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር የለም። ሳይቀባ ቢሆን ጥቁር ክምር ነው፤ ድንጋይም ይሆናል፣ ማገዶም ይሆናል። እንዲህ እርጥብ ሆኖ ሲታይ ግን በዚያው ቀን የተቆረጠ ነው። ማሳው ለምልሞ ግራር የሚቆርጥ ሰው ደግሞ አገር የለም።»

ዘውድነሽ ተቀመጠች። የቀባችው ውሸት ሁሉ ሳይታመን፣ በስህተት የቀባችው እውነት ነበር የታየው።

«ታዲያ ለምን አልጠፋም?» አለ ገሠሠ።

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ብዙዎቹ ይጠፉ ነበር፤ ሱዳን የደረሱም አሉ። ‹እናቴ ይኼን ሁሉ አረንጓዴ ያስቀባችው እንዳልመጣ ፈልጋ ነው፤ ከቀረሁላት ሰላም የምታገኝ ከሆነ እቀርላታለሁ› አለኝ። ደብዳቤውን የጻፈው በማግሥቱ ነው። እኔ እግሬን ባጣሁበት ቀን ነው እሱ ያለፈው።»

መርዶ ለብቻ አይነገርም። ገሠሠ የወይዘሮ አረጋሽን አዲስ መንደር ሽማግሌዎች ፈልጎ ነገራቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራርቶ፣ ሰንበታና ባልና ሚስቱ ከኋላ ሆነው፣ በመስመር ከተተከሉት ቤቶች ወደ አንደኛው ሄዱ። ወይዘሮ አረጋሽ በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው አዩ። ማንም አፉን ሳይከፍት ነጠላቸውን አወለቁ።

ለቅሶው በሦስተኛው ቀን ረገብ ሲል፣ ሰውም ወደ ድንኳኑ ወጣ ሲል፣ ወይዘሮ አረጋሽ ዘውድነሽን ወደ ጓዳ ጠሯት። ድምፃቸው አልቋል። ፎቶው ጭናቸው ላይ ነበር፤ ሰንበታ በእጃቸው ሰጥቷቸዋል፣ ነገሪ ያለውን ግን አልነገራቸውም። ዘውድነሽ ናት እንዳይነግራቸው የለመነችው።

«ንገሪኝ እስቲ» አሉ። «ሰንበታ ላንቺ ነግሮሻል። ነገሪ ይኼን አይቶ አመነ?»

ዘውድነሽ ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር፤ መልሱንም ከናዝሬት ተዘጋጅታበት ነው የመጣችው። «አመነ እናቴ። ለጓደኞቹ ሁሉ እያዞረ አሳየ። አገሬ ለምልማለች ብሎ ኮራ፤ ልቡ አርፎ ነበር።»

ወይዘሮ አረጋሽ እጇን ያዙት፤ በዘይት ቀለም የጠቆሩትን ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«አንቺ ልጅ ቀለም አያልቅብሽም» አሉ፣ ሳይቆጡ። «ከጥጆች ጋር ያደገ ልጅ የተቆረጠ ግራር አያውቅም ብለሽ ነው? ራሱ'ኮ ነው በየበጋው ዛፉ ላይ ይወጣ የነበረው። ያን ቀን ቅርንጫፉን እኔ ነኝ የጣልኩት። ፎቶ ቤትሽ ደጅ ቆሜም አይቼዋለሁ።»

«አይተውት? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? በአንድ ጥጥ'ኮ እጠርገው ነበር! ለምን ላኩት?»

«አፌማ አትምጣ ይል ነበር።» እንባ አልነበራቸውም፤ አልቋል። «ሆዴ ግን ና ይለው ነበር። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ና ብዬ ብጠራው የገደልኩት እኔ ነኝ። እዚያው ቅር ብለው ደግሞ ሆዴ እሺ አላለኝም። ይኼን አየሁና፣ ካየ ይመጣል፣ ካላየ ይቀራል፣ እኔ አልጠራሁትም ብዬ ለእግዜር ተውኩት። መልሱ ሲመጣ አላየም ብዬ ነበር። አሁን እውነቱን ንገሪኝ። አይቷል?»

ዘውድነሽ መዋሸት አልቻለችም፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይችልም። «አይቷል» አለች።

«አይቶ ለምን ቀረ?»

«እንዳይመጣ የፈለጉ መስሎት። ያን ሁሉ ያስቀቡት እንዲቀር መስሎት። ከቀረሁ እናቴ ሰላም ታገኛለች አለ።»

ከውጭ አዲስ ለቀስተኛ ሲመጣ ይሰማል። ወይዘሮ አረጋሽ የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው ለመነሳት ሲሞክሩ ዘውድነሽ ደገፈቻቸው።

«ታዞኝ ነዋ» አሉ። «ልጄ ታዞኝ ነው የሞተው።»

ዘውድነሽ አቀፈቻቸው። ለቀስተኞቹ ገብተው ከእቅፏ እስኪወስዷቸው ድረስ እንደያዘቻቸው ቆመች።